የጋሼ ሚዛን ደብተር እና የእኔ ሆስትስ ፋይል

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለውን ቤቴን ለሰው ስጠቁም «እንጀራ ቤቷ ጋ ስትደርስ ደውልልኝ» ነው የምለው። እንጀራ ቤቷ ከተዘጋች ሁለት ዓመት አልፏታል። ቦታው ላይ አሁን ሞባይል የሚጠግን ልጅ ተቀምጧል፤ ከሱ በፊትም ለጥቂት ወራት የሕፃናት ልብስ ተሸጦበታል። የሰፈሩ ሰው ግን ዛሬም እንጀራ ቤቷ ይላል። ባለፈው ሳምንት የጋዝ ሲሊንደር ያመጣልኝ ልጅ ደውሎ «ወንድሜ፣ እዚህ አካባቢ እንጀራ ቤት የለም እኮ» አለኝ። ቆሞ የሚደውለው እዚያው በሩ ላይ ነበር። ወርጄ ተቀበልኩት። ሲሊንደሩን እየተቀባበልን አራተኛ ፎቅ ስናወጣ እሱ ሊፍት ለምን እንዳልተሠራ ያማርራል፣ እኔ ስለ ሆስትስ ፋይል አስባለሁ።

ሲስተም አድሚን ነኝ። የምሠራበት ድርጅት እህል ገዝቶ ያበጥራል፣ ከፊሉን የከብት መኖ አድርጎ ይሸጣል። ስሙ እዚህ አያስፈልግም። ቢሮው ቃሊቲ ነው፤ መጋዘኑና የመኪና ሚዛኑ ገላን፣ መኖ ማቀነባበሪያው ደግሞ ዱከም። በሦስቱ ቦታ ተደማምሮ 43 የሊኑክስ ማሽን አለኝ። ሊኑክስ ስል አየር ማቀዝቀዣ ያለው ክፍልና የሚያብረቀርቅ መደርደሪያ እንዳይታያችሁ፤ ግማሾቹ ጠረጴዛ ሥር የተገፉ አሮጌ ዴስክቶፖች ናቸው። የዱከሙን ማሽን ስከፍተው ከማራገቢያው ላይ የማነሳው የመኖ ብናኝ አንድ ዶሮ ለቁርስ ይበቃዋል።

እነዚህ ማሽኖች እርስ በርስ የሚጠራሩት በስም ነው። ስሙን ወደ አይፒ አድራሻ የሚመልሰው ደግሞ በእያንዳንዱ ማሽን ውስጥ ኢቲሲ የሚባለው ፎልደር ሥር የተቀመጠ ሆስትስ የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። በግራ ቁጥር፣ በቀኝ ስም፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለውም። አብዛኛው ሊኑክስ ስም ሲፈልግ መጀመሪያ ይህን ፋይል ያያል፣ ካጣ በኋላ ነው ዲኤንኤስን፣ ማለትም በኔትወርክ ላይ ስምን ወደ አድራሻ የሚመልሰውን አገልግሎት፣ የሚጠይቀው። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ የተጻፈ ስህተት ዲኤንኤስ ላይ ያለውን እውነት ያሸንፋል። ይህን ነገር ጁኒየር ልጆች ሲመጡ በቃል አስጠናቸዋለሁ፤ እነሱ በቃል ይይዙታል፣ ቆይቶ እኔ ራሴ እረሳዋለሁ።

ፋይሉ በዕድሜ የትየለሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኢንተርኔት ቅድመ አያት በሆነው አርፓኔት ላይ የነበሩት ኮምፒውተሮች በሙሉ ስማቸውና አድራሻቸው በአንድ ፋይል ተጽፎ ካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ ባለ የምርምር ተቋም ውስጥ ይያዝ ነበር። ቢሮውን የሚመሩት ኤልዛቤት ፋይንለር ነበሩ። አዲስ ማሽን ያመጣ ሰው በሥራ ሰዓት ወደዚያ ቢሮ ደውሎ ያስመዘግባል፤ ሌላው ደግሞ የታደሰውን ፋይል እየጎተተ ወደራሱ ይገለብጣል። ማሽኑ ሲበዛ በዚህ መንገድ መቀጠል አልተቻለም፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስን ነደፉ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ ሲነገር ሆስትስ ፋይሉ ኋላቀር፣ ዲኤንኤስ ዘመናዊ ሆኖ ነው የሚቀርበው። እኔን የሚያስቀናኝ ግን ሌላ ነው፦ ያኔ ስልክ የሚያነሳ ሰው ነበር። ይህ ስም የማን ነው፣ ለምን ተጻፈ፣ አሁንስ አለ ወይ ብሎ የሚጠየቅ ቢሮ። እኔ 43 ፋይል ስወርስ የሚጠየቅ ሰው አልወረስኩም።

ከኔ በፊት የነበረው አድሚን ጎበዝ ልጅ ነበር፤ አሁን ውጭ አገር ነው። ጉብዝናው ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። በሄደበት ማሽን ሁሉ በዕለቱ የፈለገውን መስመር በእጁ ጨምሮ ይወጣል። ስም አወጣጡ ደግሞ የራሱ ነው። አንዱን ሰርቨር «አክስቴ» ብሎታል፤ ለምን እንደሆነ እስከዛሬ አልነገረኝም።

የፊደሉ ጣጣ ደግሞ ለብቻው ነው። የማሽን ስም በልማድ የሚጻፈው በላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በሰረዝ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ አማርኛን በላቲን ስንጽፍ ሁላችንም የየራሳችን ሥርዓት አለን። «ሚዛን» የሚለውን አንዱ በአንድ ዜድ፣ ሌላው በሁለት፣ ሦስተኛው ሚን በኢ ፈንታ በአይ ይጽፈዋል። በቴሌግራም ስንጻጻፍ ይህ ማንንም አይጎዳም። ማሽን ላይ ግን ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሃሌታውን ሀ እና ሐመሩን ሐ እያምታታን ለምናድግ ሰዎች ከባድ ቅጣት ነው።

ቅጣቱን ያየሁት በ2014 ዓ.ም. ጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። የሚዛኑ መረጃ የሚከማችበትን ዳታቤዝ ከአሮጌው ሰርቨር ወደ አዲስ አዛወርኩት። ቅዳሜና እሑድ ቁጭ ብዬ እያንዳንዱ ማሽን ውስጥ ከርቀት በኤስኤስኤች እየገባሁ፣ ሆስትስ ፋይሉን እየከፈትኩ፣ የድሮውን ቁጥር በአዲሱ ቀየርኩ። የምፈልገውን መስመር የማገኘው «ሚዛን» የሚለውን በአንድ ዜድ እየፈለግኩ ነበር። ገላን ሚዛን ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይ የተጻፈው በሁለት ዜድ ነው። ፍለጋው ምንም አላገኘም፤ እኔም እዚህ ማሽን ላይ መስመሩ የለም ማለት ነው ብዬ አለፍኩ። አሮጌውን ሰርቨር ደግሞ «ለማንኛውም» ብዬ ሳላጠፋው ተውኩት። በሙያዬ ውስጥ ከ«ለማንኛውም» የበለጠ ያስከፈለኝ ቃል የለም።

ሰኞ ጠዋት መኪኖች መጡ። ሚዛን ቤቱን የሚይዙት አንድ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ሚዛን እንላቸዋለን። የደመወዝ ሊስት ላይ ያለው ስማቸው ሌላ ነው፤ ሾፌሮቹ ግን ከጋሼ ሚዛን ሌላ አያውቁም። መኪናው ሞልቶ ይመዘናል፣ ሄዶ ያራግፋል፣ ባዶውን ተመልሶ ይመዘናል፣ ልዩነቱ የእህሉ ክብደት ነው። ኮምፒውተሩ ቲኬት ያትማል። ቲኬቱ እንደ ወትሮው ታተመ። ምንም ስህተት አልታየም፣ ምንም ቀይ ጽሑፍ አልወጣም። አሮጌው ሰርቨር ስሙን ሲጠሩት «አቤት» እያለ ሁሉንም ተቀብሎ አስቀመጠ።

ቃሊቲ ያለው ቢሮ የሚያየው አዲሱን ሰርቨር ነው። እዚያ ላይ ሰኞ ገላን መኪና አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም። የሒሳብ ክፍሏ እኅታችን «ከበዓል በኋላ ገበያው ቀዝቅዟል» ብላ ለሥራ አስኪያጁ ሪፖርት አድርጋለች። ረቡዕ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ አንድ ነጋዴ የገንዘብ ቤቱ መስኮት ላይ በክርኑ ተደግፎ «ሦስት ተሳቢ በቆሎ አራግፌላችሁ ጭራሽ አልመጣህም ትሉኛላችሁ?» እያለ ሲጮህ ነው ስልኬ የጠራው።

ሁለት ቀን ተኩል። 61 ቲኬት። ከአሮጌው ዳታቤዝ አውጥቶ ወደ አዲሱ መጨመር ቀላል ይመስላል፤ የቲኬት ቁጥሮቹ ግን አዲሱ ላይ ዱከም ከሰጣቸው ቁጥሮች ጋር ተጋጩ። የትኛው መስመር የትኛው መኪና እንደሆነ የለየልን የጋሼ ሚዛን ደብተር ነው። ባለ ጠንካራ ሽፋን፣ ጠርዙ በፕላስተር የተጠገነ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሰመረ ትልቅ ደብተር። ሰሌዳ፣ ሙሉ፣ ባዶ፣ ልዩነት፣ የሾፌር ፊርማ። ኮምፒውተሩ ከመጣ ጀምሮ ይህን ደብተር ተው ሲባሉ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔም ራሴ አንዴ «ጋሼ፣ ድካም ነው እኮ» ብያቸው ነበር። ያን ዕለት አጠገባቸው ተቀምጬ እሳቸው ሲያነቡ እኔ ስተይብ አመሸን። «እኔ ምንም አላልኩም» አሉኝ በመሃል። እውነትም ምንም አላሉም፤ ደብተሩን ብቻ ወደኔ ገፋ አደረጉት።

ፐፔትን ከዚያ በፊት አውቀው ነበር፤ የተጠቀምኩበት ግን ፓኬጅ ለመጫንና ተጠቃሚ ለመፍጠር ብቻ ነው። ሉክ ኬኒስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመሩት፣ ብዙ ማሽኖችን ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድር መሣሪያ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ማሽኑ ምን እንዲያደርግ ሳይሆን ምን ሆኖ እንዲገኝ እንደምትፈልግ ትጽፋለህ። እያንዳንዱ ማሽን ላይ ያለው ኤጀንት የሚባል ፕሮግራም፣ ካልቀየርከው በቀር በየ30 ደቂቃው፣ ዋናውን ሰርቨር ይጠይቃል፣ የተጻፈውን ከራሱ ጋር ያስተያያል፣ የጎደለውን ይሞላል። ካልጎደለ አይነካም። አንዴ ቢሮጥም መቶ ጊዜ ቢሮጥም ውጤቱ ያው ነው።

ከነዚህ የሚጻፉ ነገሮች አንዱ ሆስት ይባላል። ስሙን ትሰጠዋለህ፣ አይፒውን ትሰጠዋለህ፣ ተቀጽላ ስሞች ካሉት ትደረድርለታለህ፣ መኖር ወይም አለመኖር እንዳለበት ትነግረዋለህ። የፋይሉን ቅርጽ እሱ ያውቃል፤ አንተ ስለ ቦታና ታብ አትጨነቅም። ድሮ ይህ ነገር የፐፔት ዋና አካል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ስድስተኛው እትም ሲወጣ ሆስት ኮር ወደሚባል ራሱን የቻለ ሞጁል ወጣ። ከኤጀንቱ ፓኬጅ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ብዙ ሰው መለየቱን እንኳ ልብ አላለም። እኔም ልብ ያላልኩት፣ አንድ ቀን ኤጀንቱን ያለ ፓኬጁ በሌላ መንገድ የጫንኩበት ማሽን «ሆስት የሚባል ነገር አላውቅም» እስኪለኝ ድረስ ነው።

በጣም የወደድኩለት አንድ ትእዛዝ አለው። ማሽኑ ላይ ገብተህ «ፐፔት ሪሶርስ ሆስት» ብለህ ስትተይብ ፋይሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ በራሱ ቋንቋ ጽፎ ያሳይሃል። ማለትም የተጨማለቀውን ወርሰህ ከየት ልጀምር ስትል የምትጀምርበትን ገጽ ይሰጥሃል። 43ቱንም ማሽን እንዲህ አስነበብኩና ወደ አንድ ሠንጠረዥ ሰበሰብኩ። ድግግሞሹ ሲወጣ 88 የተለያየ መስመር ቀረ።

እውነቱን ለመናገር ከጠቅላላው ሥራ የጣመኝ ይህ ክፍል ነው። እንደ አሮጌ ቤት ጣሪያ ሥር የተገኘ ሣጥን ነበር። አንዱ መስመር ለቄራ አካባቢ ቅርንጫፍ የተሰጠ የፕሪንተር አድራሻ ነው፤ ቅርንጫፉ ከተዘጋ ቆይቷል። ሌላው «አዲሱ ሰርቨር» የሚል ስም አለው፤ ከሁሉም የሚያረጀው እሱ ነው። የዱከም ጥበቃ ክፍል ኮምፒውተር ላይ ደግሞ አንድ የእግር ኳስ ውርርድ ድረ ገጽ 127.0.0.1 ላይ ተመርቷል፤ ማለትም ድረ ገጹን የፈለገ ሰው ወደ ራሱ ማሽን ተመልሶ ባዶ በር እንዲያንኳኳ። አንድ የጥበቃ አባል ሌላውን ለማዳን ያደረገው ነው ወይስ አድሚኑ፣ ጠይቄ ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘሁም። መስመሩን እንዳለ ተውኩት።

የሚዛኑን ሦስት አጻጻፍ አንድ ዋና ስምና ሁለት ተቀጽላ አድርጌ ጻፍኳቸው። ጽሑፉን ጂት ውስጥ አስገባሁ፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ ከዚያ በኋላ ይታያል። የዳታቤዙን ቁጥር በአንድ ቦታ ቀየርኩ፣ ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ፣ የ43ቱም ማሽን ፋይል ተቀይሯል። ያን ዕለት ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። «ታዲያ እስከዛሬ ምን ስትሠራ ነበር?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ብቆም ጥሩ ነበር። አላቆምኩም። ፐፔት የጻፍከውን ብቻ ነው የሚያስተዳድረው፤ ያልጻፍከውን አሮጌ መስመር አይነካም። ከፈለግክ ግን አጽዳ ማለት ትችላለህ፦ እኔ ያልጻፍኩት የሆስት መስመር ካለ አስወግድ። ከ88ቱ ውስጥ ያስፈልጋል ያልኩት 31 ነው። የቀረው 57 ቆሻሻ ነው ብዬ ወሰንኩ። ቆሻሻ ያልኩበት መለኪያ ደግሞ ይኸውላችሁ፦ ምን እንደሆነ አለማወቄ።

ደፋር ብሆንም ሞኝ አልነበርኩም። ማጽጃው ያልተጻፈ ነገርን ሁሉ እንደሚያነሳ፣ ማሽኑ ራሱን የሚጠራበት ሎካልሆስት የሚለው መስመር እንኳ እንደማይቀርለት አውቅ ነበርና እሱን ጻፍኩ። ደቢያን የማሽኑን ስም 127.0.1.1 ላይ ያስቀምጣል፤ እሱ ሲጠፋ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ትእዛዝ የሚያስፈጽመው ሱዶ በተጠራ ቁጥር ይነጫነጫል፤ እሱንም ጻፍኩ። ኤጀንቱ ዋናውን ሰርቨር የሚፈልገው ካልተቀየረ በቀር «ፐፔት» በሚል ስም ነው፤ ይህን ስም ብሰርዝ መሣሪያው የራሱን እጅ ይቆርጣል ማለት ነው፤ እሱንም ጻፍኩ። ኑፕ በሚባለው፣ ሳይነካ ሊነካ የነበረውን ብቻ በሚናገርበት ዘዴ ቃሊቲ ባለ ማሽን ላይ ሞከርኩት። የሚነሱትን መስመሮች አነበብኩ። ከመካከላቸው አንዱ «ዳገት» ይላል። ዳገት! የቀድሞው አድሚን ሌላ ቀልድ ነው አልኩና ሳቅኩ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ለሁሉም ለቀቅኩት። 3 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም አረንጓዴ ነበር። እስከ ቀትር አረንጓዴ ነበር።

ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ገላንና ዱከም መብራት ሄዶ መጣ። ቅርንጫፎቹ ግን አልመጡም።

ዳገት ለካ የቪፒኤኑ፣ ማለትም ቅርንጫፎቹን ከቃሊቲ ጋር የሚያገናኘው የግል መንገድ፣ የቃሊቲ ጫፍ ነው። ገላንና ዱከም ያሉት በር ማሽኖች ቃሊቲን የሚፈልጉት በዚህ ስም ነበር፤ ስሙ ደግሞ ከሆስትስ ፋይል ውጭ የትም የለም። ቪፒኤኑ ስሙን ወደ አድራሻ የሚመልሰው ሲነሳ አንዴ ብቻ ነው። ጠዋት ስሰርዘው ቪፒኤኑ ተነሥቶ እየሠራ ስለነበር ምንም አልሆነም። መብራት ሄዶ ማሽኑ እንደገና ሲነሳ «ዳገት ማነው?» ብሎ ጠየቀ፣ የሚመልስለት ጠፋ። ልጁን በቴሌግራም ስጠይቀው ወዲያው ነው የመለሰልኝ፦ «ከዱከም ስትመጣ ቃሊቲ ዳገት አይደል?» ነው። ከዱከም በተመለስኩ ቁጥር ሚኒባሱ ማርሽ ሲቀንስ የምሰማው እኔ ነኝ።

ጋሼ ሚዛን ጋ ደወልኩ። ሌላ ሰው አልነበረኝም፤ በር ማሽኑ ያለው እሳቸው ክፍል ነው። ፓስዎርዱን በስልክ ነገርኳቸው። አትቆጡኝ፤ በማግስቱ ቀይሬዋለሁ። ቁጥሩንና ስሙን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። «ነጥብ ነው ወይስ ሰረዝ?» «ነጥብ ነው ጋሼ።» «ታች ነው መሃል?» «ታች።» በሦስተኛው ሙከራ መስመሩ ትክክል ገባ። ሴቭ አደረጉ። ቪፒኤኑን አስነሡ ልላቸው ስል መብራቱ እንደገና ሄደ።

ከ40 ደቂቃ በኋላ ራሳቸው ደወሉ። ማሽኑ ተነሥቷል፣ ፋይሉን ከፍተው አይተውታል። በንባብ መነጽራቸው ተጠግተው እንዳዩት ከድምፃቸው ያስታውቃል።

«የጻፍኩትን ማን አጠፋው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

እኔ ነበርኩ። ኤጀንቱ ዋናውን ሰርቨር ሲያጣ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ መጨረሻ የተቀበለውን ትእዛዝ ከራሱ ዘንድ አውጥቶ ይፈጽማል። ይህን ያደረጉለት ሰዎች ትክክል ናቸው፤ መስመር ሲቆረጥ ማሽኑ ከሥርዓት እንዳይወጣ ነው። መጨረሻ የነገርኩት ግን «የማላውቀውን ደምስስ» ነው። ማሽኑ ሲነሳ ኤጀንቱ አብሮ ተነሣ፣ ጋሼ ሚዛን በአንድ ጣት የጻፉትን መስመር አየ፣ በኔ ሊስት ውስጥ የለም፣ ደመሰሰው። አዲስ ትእዛዝ እንዳልልክለት ደግሞ የሚያገናኘን መንገድ ያ መስመር ነው።

ከቃሊቲ መናኸሪያ የገላን ሚኒባስ ውስጥ ስገባ 12 ሰዓት ሆኗል። መንገዱ በከባድ መኪና ተዘግቶ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፈጀብን። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ «የት ነህ?» አለኝ፤ «የመኪና ሚዛኑ ጋ» አልኩት፤ «ጋሼ ሚዛን ጋ በለኝ እንጂ» አለ። ከፊት ወንበር ያለ ሰው ሃያ ሁለት ማዞሪያ ስላለ ቤቱ በስልክ ይጨቃጨቃል። እኔም የማደርገው ሳጣ ስለዚያ ስም አሰብኩ። ስሙ የመጣው ድሮ 22 ቁጥር አውቶቡስ ከሚዞርበት ነው፤ ዛሬ እዚያ ከሚወርደው ሰው ስንቱ አውቶቡሱን ያስበዋል? ሰው ግን አይጠፋም፤ ቢጠፋም ጠይቆ ይደርሳል። የኔ ማሽን ይህን አይችልም። ወርዶ አንዱን ባለ ሱቅ «ይቅርታ፣ ዳገትን ያውቁታል?» አይልም።

ሥራው ራሱ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ኤጀንቱን አቆምኩ፣ መስመሩን መለስኩ፣ ቪፒኤኑን አስነሣሁ፣ ቃሊቲ ላይ የተስተካከለውን ጽሑፍ አወጣሁ፣ ኤጀንቱን ለቀቅኩት። ዱከም ያለውን የማታ ፈረቃ ልጅ በስልክ አስተባበርኩት፤ እሱ ወጣት ስለሆነ ኤጀንቱን አቁም ስለው ገባው። ጋሼ ሚዛን ቆሎ ከኪሳቸው ዘግነው ጠረጴዛው ላይ አደረጉልኝ፣ በፔርሙስ ካፕ ሻይ ቀዱልኝ። ኔትወርኩ በጠፋበት ሰዓት ስንት መኪና እንደተመዘነ ጠየቅኳቸው። ደብተሩን ገለጡ። አሥራ አንድ።

ከዚያ ወዲህ ምን ቀየርኩ? ማጽጃውን አልተውኩትም፤ ነገር ግን መስመር የሚሰረዘው መጀመሪያ «የለም መሆን አለበት» ተብሎ በስሙ ተጽፎ፣ ወር ከቆየና የጮኸ ከሌለ በኋላ ነው። አብዛኛውን ስም ወደ ዲኤንኤስ አዛወርኩ፤ በየቅርንጫፉ ራውተሩ አጠገብ ትንሽ ዲኤንኤስ አለ፣ መስመር ቢቆረጥም የሰፈሩን ስም ይመልሳል። ሆስትስ ፋይሉ ውስጥ የቀረው ዲኤንኤሱ ራሱ ሳይነሳ የሚያስፈልገው ብቻ ነው፤ ሰባት መስመር። ጓደኞቼ ሁሉንም ወደ ዲኤንኤስ አስገባና ገላግለው ይሉኛል። ቃሊቲ ተቀምጦ እንደዚያ ማለት ቀላል ነው። ማሽኖቹ ስማቸውን ራሳቸው እያስመዘገቡ ሌሎቹ እንዲሰበስቡት የሚያደርግ መንገድም ፐፔት አለው፤ ለዚያ ፐፔት ዲቢ የሚባል ተጨማሪ ሰርቨር ማቆም ያስፈልጋል። ለሰባት መስመር ብዬ ስምንተኛ የሚበላሽ ነገር አላመጣም።

ሌላው የቀየርኩት ነገር ኮሜንት የሚባለው ነው። ሆስት ላይ የሚጻፍ ትንሽ ቦታ ነው፤ የጻፍከው ፋይሉ ውስጥ ከመስመሩ ጎን ይታያል። ለማሽኑ ምንም ጥቅም የለውም፣ አያነበውም። ለዓመታት ባዶ ነበር የማደርገው። አሁን እዚያ ላይ ሳይጻፍ የሚገባ መስመር የለም፤ ጁኒየሩ ልጅ ባዶ አድርጎ ሲልክልኝ እመልስበታለሁ፣ እሱም በጣም እንደሚናደድብኝ አውቃለሁ። ዳገት ጎን «የቃሊቲ ቪፒኤን ጫፍ፤ ከዱከም ሲመጣ ዳገት ስለሆነ» ይላል፣ በላቲን ፊደል፣ በኔ አጻጻፍ።

በዚህ ዓመት መስከረም ላይ የሚዛኑ ዳታቤዝ እንደገና ተዛወረ። ከመነካቱ በፊት ጋሼ ሚዛን ጋ ደወልኩ። መቼ መኪና እንደማይበዛ ነገሩኝ፤ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው አሉኝ፣ ማንም ሪፖርት ላይ አይቶት የማያውቀውን። ስንጨርስ «ጋሼ፣ አሁንማ ደብተሩ ይቅር?» አልኳቸው ለጨዋታ።

«አዲስ ገዝቻለሁ» አሉኝ። «ባለ ሁለት መቶ ገጽ።»

የሚዛኑን መስመር ከፈትኩና ኮሜንቱ ላይ ጨመርኩበት፦ ረቡዕ ከሰዓት፤ ጋሼ ሚዛንን ሳትጠይቅ እንዳትነካ። 30 ደቂቃ ሳይሞላ 43ቱም ማሽን ላይ ተጽፎ ነበር።